የት እንደር? ደቡብን በሕዝብ መኪና ለማየት ማደሪያ ከተማ የመምረጥ ነገር

የራሱ መኪና የሌለው፣ አስጎብኝ ለመቅጠርም አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው አገሩን ለማየት ያለው ጉጉት ከማንም አያንስም። የዶርዜን ቤት፣ የኮንሶን እርከን፣ የቀይ አፈርን ገበያ በሕዝብ መኪና ሄዶ ማየት ይቻላል፤ የሚያደርጉትም ብዙ ናቸው። ጉዞው የተበላሸባቸውን ሰዎች ስትጠይቋቸው ግን ብዙዎቹ የሚነግሯችሁ ታሪክ ይመሳሰላል። ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ቆመው ዋሉ፣ ወይም ደርሰው ሳያዩ ተመለሱ፣ ወይም ማታ መመለሻ አጥተው በእጥፍ ዋጋ ኮንትራት ያዙ። ነገሩን ወደ ኋላ ስትከተሉት ስህተቱ አልጋ የያዙበት ከተማ ላይ ይገኛል።

ሰው ማደሪያውን የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ ካርታ ዘርግቶ ነው። መሃል ላይ ያለችውን፣ ወይም ለማየት ለጓጓለት ቦታ የቀረበችውን ከተማ ይይዛል። ለባለመኪና ይህ ምርጫ ልክ ነው። መናኸሪያ ገብቶ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ግን ሌላ ስሌት አለ። እሱን ስሌት በአርባ ምንጭ፣ በኮንሶዋ ከተማ በካራትና በጂንካ መስመር ላይ እያሳየሁ ላስረዳ፤ መስመሩን የመረጥኩት የደቡብን ጉዞ የሚያስቡ ሰዎች በብዛት የሚጠይቁት እሱን ስለሆነ ነው።

ማደሪያ ከተማ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሻንጣችሁን አልጋ ክፍል ትታችሁ በየጠዋቱ እጃችሁን አወዛውዛችሁ የምትወጡባት፣ ሲመሽ የምትመለሱባት ከተማ ማለት ነው። ንብ ከቀፎዋ ወጥታ፣ ቀስማ፣ ወደዚያው ቀፎ እንደምትገባው።

የዚህ ተቃራኒ በየቀኑ ከተማ እየቀየሩ መጓዝ ነው። አንድ ከተማ መቀየር ቀላል ይመስላል፤ ግን ሻንጣ ማሰር፣ ጣሪያ ላይ ማስጫን፣ ለሻንጣው ዋጋ መደራደር፣ ስትደርሱ አልጋ መፈለግ፣ የመናኸሪያውን ጠባይ እንደገና መማር አለ። ቢያንስ ግማሽ ቀን ይሄዳል። በሰባት ቀን ውስጥ አምስት ጊዜ ከተማ የቀየረ ሰው ሁለት ቀን ተኩል የሚሆነውን ጊዜ ለዚህ ብቻ ከፍሏል። አንድ ቦታ ሦስት ሌሊት ያደረ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን የትኛው ረዳት የት እንደሚሄድ ያውቃል፣ ቁርስ ቤቷም ታውቀዋለች።

መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?

በየመናኸሪያው ይህ ጥያቄ ይጠየቃል፤ መልሱ አንድ ቃል ነው፦ «ሲሞላ!»

ረጅም መንገድ የሚሄዱት አውቶቡሶች ቲኬትም ሰዓትም አላቸው፤ ተሳፋሪያቸውን በጨለማ ጭነው ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ። ከማደሪያ ከተማ ወጣ ገባ ለሚል ሰው የሚያስፈልጉት ግን ሚኒባስና ቅጥቅጥ ናቸው፤ የእነሱ ሰዓት ወንበራቸው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪናው የሚሠራበት መስመር የተጻፈበት ታፔላ ይሰቅላል። መናኸሪያ ገብቶ ተራ ይይዛል። ተራ አስከባሪው ፊት የቆመውን ያስጭናል፤ እሱ ሞልቶ መውጫ ተቆርጦለት ካልሄደ ሁለተኛው አይጭንም። ስለዚህ ሦስት መኪና ተሰልፎ ማየት «መኪና ሞልቷል» ማለት ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም ተሳፋሪ እንደጠፋ ምልክት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ነገሩን በእንስራ አስቡት። እንስራው ከምንጩ አፍ ሥር ተቀምጧል፣ ሳይሞላ አይነሳም። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት የሚወስነው የምንጩ ጉልበት ነው፤ ውኃው ከዚያ በኋላ ሩቅ ቤት ይሄድ ቅርብ ቤት ለመሙላቱ ለውጥ የለውም። መኪናም እንዲሁ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ታካሚው፣ ባለጉዳዩ ስለሚበዛ መኪናው ቶሎ ይሞላል። በ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለች ገጠር ቀበሌ ግን በቀን አንድ መኪና ብቻ ሊኖራት ይችላል፤ እሱም እስኪሞላ እኩለ ቀን ይሆናል።

እዚህ ላይ «ሩቅ» እና «ቅርብ» የሚሉት ቃላት ትርጉማቸው ይለወጣል። ለሕዝብ መኪና ተጓዥ ቅርብ የሚባለው ሰው የሚበዛበት መስመር ነው። ማደሪያ ከተማም መመረጥ ያለበት መጀመሪያ በዚህ ነው፦ ወደምትፈልጓቸው ቦታዎች በየቀኑ ብዙ ሰው የሚሄድባት መሆኗን በማየት።

ታዲያ መሃል ላይ ያለችው ከተማ ለምን አትሻልም?

ካርታ ላይ የኮንሶዋ ካራት እምብርት ትመስላለች። ወደ ሰሜን አርባ ምንጭ 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ወደ ምዕራብ በወይጦና በቀይ አፈር አድርጎ ጂንካ፣ ወደ ምሥራቅ ያቤሎ። ሦስት መንገድ ይገናኝባታል። እኔም አንድ ጊዜ በዚህ ስሌት ሁሉንም ከካራት እየተነሣሁ ላይ ብዬ አራት ሌሊት ይዤባት ነበር።

አንድ ዓርብ ወደ ቀይ አፈር ልሄድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ቆምኩ። መኪና አልጠፋም። ከአርባ ምንጭ የሚመጣው አንዱ ሲያልፍ ረዳቱ በመስኮት እጁን አውጥቶ መዳፉን ወደ ታች ገለበጠልኝ፤ ሞልቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ፍጥነቱንም አልቀነሰም። ሦስተኛው ቆሞ አንድ ሴት አወረደና ከእኔ በፊት ይጠብቅ የነበረ ሽማግሌ ገባ። እስከ 6 ሰዓት እንዲሁ ሆነ። አጠገቤ ሻይ የምትሸጥ እናት ሲመረኝ እያየች ቆይታ፣ «ልጄ፣ የሚያልፈውን አትጠብቅ፤ ከዚህ የሚጭነውን ጠይቅ። እሱ ደግሞ ዛሬ በማለዳ ሄዷል» አለችኝ።

የመሃል መንገድ ከተማ ችግር በዚያች አንድ ንግግር ተጠቅልሏል። እንስራው ምንጩ ዘንድ ሞልቶ ነው የሚያልፈው። መሃል ላይ ያለ ሰው የሚደርሰው ሌላ ሰው ሲወርድ የሚለቀቅ ወንበር ብቻ ነው። መስመር የሚጀመርባት ወይም የሚያልቅባት ከተማ ላይ ግን ባዶ መኪና ይቆማል፣ ተራ አለ፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቀመጣል። ስለዚህ ስለ አንዲት ከተማ ስታጣሩ «መኪና ያልፍባታል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ስንት መኪና ይጭንባታል?» በሉ።

ይህን ስል ካራት አትታደር ማለቴ አይደለም። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ እርከኑን፣ በድንጋይ አጥር የተከበቡትን መንደሮች፣ የእንጨት መታሰቢያ ሐውልቶቹን ዋካዎችን ለማየት አንድ ሌሊት ይገባታል። የምለው ሌላውን አካባቢ ከእሷ እየተነሡ ለማየት አትመችም ነው።

መሄዱስ ይሁን፣ መመለሱስ?

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳውም ይህንኑ ነው። ጠዋት መሄድ የማይቻልበት ቦታ እምብዛም የለም። የቀን ጉዞ የሚባለው ግን የሚሳካው ሲመለሱ ነው።

መልሱን የሚሰጥ አንድ ጥያቄ አለ። ረዳቱን «መኪናው የት ነው የሚያድረው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለት ዓይነት መኪና አለ። አንዱ ከተማ የሚያድር ነው፤ ጠዋት ወደ ገጠር ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማ ይገባል። ሌላው ገጠር የሚያድር ነው፤ ማለዳ የመንደሩን ሰው ጭኖ ከተማ ያደርሳል፣ ሲገበያዩ ውለው ከሰዓት በኋላ ይመልሳቸዋል። ሁለተኛው ዓይነት ብቻ ያለበት መስመር ለእናንተ ገደል ነው፤ ልትሄዱ ስትፈልጉ እየመጣ፣ ልትመለሱ ስትፈልጉ እየሄደ ያገኛችኋል። በከሰዓት መኪና ብትሄዱ እዚያው ታድራላችሁ።

ዶርዜን እንውሰድ። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በሶዶ መንገድ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ወደ ግራ ታጥፎ ተራራውን እየዞረ ይወጣል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ የጨንቻ ደጋ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ርቀቱ እስከ ጨንቻ 40 ኪሎ ሜትር ባይሞላም ሙዝና ማንጎ ካለበት ሙቀት ተነሥታችሁ ቀርከሃና እንሰት ያለበት ጭጋግ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ጋቢ ወይም ሹራብ ያዙ። መስመሩ ለቀን ጉዞ ይመቻል፤ የአርባ ምንጭና የጨንቻ ሰው በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚመላለስ መኪናው ወዲያም ወዲህም ይሠራል። እንዲያም ሆኖ ዶርዜ ራሷ የመሃል መንገድ ናት። ከጨንቻ የሚወርደው መኪና ሞልቶ ሊያልፋችሁ ይችላል። መፍትሔው መጀመሪያ እስከ ጨንቻ ወጥቶ በመመለሻ ዶርዜ መውረድ ሳይሆን ግልባጩ ነው፦ ጠዋት ዶርዜ ውረዱ፣ እዩ፣ ከዚያ ወደ ላይ በሚሄድ በማንኛውም መኪና ጨንቻ ግቡና መጨረሻ ላይ ከጨንቻ መናኸሪያ ወንበር ይዛችሁ ወደ አርባ ምንጭ ውረዱ። አንድ ተጨማሪ አጭር ጉዞ ከፍላችሁ የመመለሻ ስጋቱን ትገላገላላችሁ።

የዶርዜን ቤት በቅርብ ካላያችሁት እግረ መንገዴን ልንገራችሁ። ከቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት የተሠራ ነው፤ በላዩ የእንሰት ቅጠልና ኮባ ይለብሳል። ፊቱ የዝሆን ግንባር ይመስላል። አዲስ ሲሠራ በጣም ረጅም ነው፤ ሥሩን ምስጥ እየበላው በየዓመቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የቤቱን ቁመት አይቶ ዕድሜውን መገመት ይቻላል። ምስጥ ሲበዛበት ወንዶች ተሰብስበው እንዳለ ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። ይህን ለማየት ጥድፊያ ውስጥ መሆን አይገባም፤ የመመለሻው ነገር አስቀድሞ ማለቅ ያለበትም ለዚህ ነው።

ብርሃኑንም አስሉ። አካባቢው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ቀኑ ክረምት ከበጋ ብዙም አይለዋወጥም፤ 12 ሰዓት ያህል ነው። በምሽት የገጠር መስመር የሚሠራ መኪና አታገኙም፤ መጨረሻው መኪና ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ በአንዳንድ መስመር ከዚያም ይቀድማል። ለጥንቃቄ 9 ሰዓት ላይ መናኸሪያ መገኘት እኔ የማልጥሰው ደንብ ነው። ከዚህ ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ፣ ለመሄድና ለመጠበቅ በአንድ ወገን ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ቦታ ለቀን ጉዞ እንደማይሆን ታያላችሁ።

የገበያ ቀን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። የገበያ ቀን የምንጩ ጉልበት የሚጨምርበት ቀን ነው። በሌላ ቀን አንድ መኪና በሚሠራበት መስመር ላይ ሚኒባሱም፣ ቅጥቅጡም፣ ሸቀጥ የጫነው አይሱዙም ይወጣል። ከዚያም በላይ የመመለሻው ሰዓት ይታወቃል፤ ነጋዴው ዕቃውን ሲጠቀልል መኪናውም ይሞላል።

የመስመሩ ገበያዎች እነዚህ ናቸው። ዶርዜ ሰኞና ሐሙስ፣ ጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ካራት ሰኞና ሐሙስ። ቀይ አፈር ሐሙስ፤ የበናና የፀማይ ሕዝቦች የሚሰባሰቡበት ትልቅ ገበያ ነው። ቱርሚ ሰኞ፣ ዲመካ ቅዳሜ፤ ሁለቱም የሐመር ናቸው። ጂንካም ቅዳሜ ነው። ከዲመካ ጋር አንድ ቀን ስለሚውሉ ሁለቱን በአንድ ቅዳሜ ማየት አይቻልም፤ አንዱን ምረጡ። ማደሪያችሁ ጂንካ ከሆነ የጂንካን እመርጣለሁ፤ በእግር ነው የሚኬደው።

ገበያ ስትሄዱ አንድ ጥንቃቄ፦ ገበያውን እንጂ ሰውን ልታዩ የመጣችሁ አይምሰላችሁ። ሰው ለመሸጥና ለመግዛት፣ ዘመዱን ለማግኘት ነው የወጣው። ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ ይጠየቃል።

ከነዚህ ከተሞች የትኛውን ልያዝ?

ሶዶ በመኪና ብዛት አትታማም። ከሆሳዕና፣ ከሻሸመኔ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከሳውላና ከዳውሮ የሚመጡ መንገዶች ይገናኙባታል። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ የክልሉ ቢሮዎች ሶዶን፣ አርባ ምንጭን፣ ዲላንና ጂንካን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ስለተከፋፈሉ ባለጉዳዩ ብዙ ነው። ወላይታን፣ የዳሞታን ተራራና የአጆራን ፏፏቴ ለማየት ጥሩ ማደሪያ ናት። ለዶርዜና ለኮንሶ ግን ሰሜን ትርቃለች፤ በየቀኑ 120 ኪሎ ሜትር ወርዶ 120 መመለስ አያዋጣም።

አርባ ምንጭ ለደጋውና ለሐይቆቹ የማያሻማ ምርጫ ናት። መስመር ይጀመርባታል፣ ያልቅባታልም። ጨንቻ ደርሶ መልስ ይሆናል። ካራትም በማለዳ ከተነሡ ደርሶ መልስ ይሆናል፤ ግን ጠባብ ነው። አባያና ጫሞ ከከተማዋ ይታያሉ፣ በመካከላቸው ያለው የእግዜር ድልድይም። ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ከሥሯ ናቸው።

ለአርባ ምንጭ የምጨምረው ሌላ ነጥብ አለ፤ ለማንኛውም ማደሪያ ይሠራል። የሕዝብ መኪና የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ። ጫሞ ላይ አዞ ለማየት ጀልባ መከራየት፣ ጀልባው ዘንድ ለመድረስም ባጃጅ ወይም መኪና በኮንትራት መያዝ ያስፈልጋል። ነጭ ሣር ፓርክ ውስጥም መኪና ግድ ነው። የጀልባውና የመኪናው ዋጋ ለአንድ ሰው ከባድ፣ ለአምስት ሰው ቀላል ነው። ስለዚህ ማደሪያ ከተማችሁ ወጪ የሚጋሯችሁ ሌሎች ተጓዦች የሚያድሩባት ብትሆን ይመረጣል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም፣ ስብሰባም፣ ሠርገኛም የሚያመጣው እንግዳ አላት፤ ማታ እራት ላይ «ነገ ጫሞ የሚሄድ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጂንካ የመስመሩ ጫፍ ናት። ከአርባ ምንጭ 250 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለምትርቅ ደርሶ መልስ አይታሰብም። ቀይ አፈር ግን ከእሷ 40 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ የአሪ መንደሮችም ዙሪያዋን ናቸው፣ በእግርና በሞተር ይደረሳሉ። ማጎ ፓርክንና ሙርሲን ለማየት የሕዝብ መኪና አትጠብቁ፤ መኪና መከራየትና አስጎብኝ መያዝ ያስፈልጋል፤ ወጪውን የምትጋሩትን ሰው የምታገኙትም እዚያው ጂንካ ነው።

አንድ ማደሪያ ይበቃል ወይስ ሁለት?

በዚህ መስመር ሁለት ነው። ከአርባ ምንጭ ሆኖ ጂንካን፣ ከጂንካ ሆኖ ዶርዜን ማየት አይቻልም። ማደሪያ የሚቀየረው ልክ እንዲህ ሲሆን ነው፦ ቢያንስ ሁለት የምታዩዋቸው ቦታዎች ከፊተኛው ከተማ ደርሶ መልስ ሳይሆኑ ሲቀሩና ከአዲሱ ሲሆኑ። ለአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ በመንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድሮ ማለፍ ይበቃል።

የገበያ ቀኖቹን ከዚህ ጋር ስታጋጥሙት አንድ ሳምንት ደስ በሚል መንገድ ይገጥማል። እሑድ ከአዲስ አበባ በማለዳ አውቶቡስ ተነሥታችሁ አርባ ምንጭ ትገባላችሁ። ሰኞ የዶርዜ ገበያ ነው። ማክሰኞ ጫሞ፤ ሐይቁን በሌላ ጊዜ አያለሁ ካላችሁ የጨንቻ ገበያ አለ። ረቡዕ ጠዋት ካራት ላይ ከሚያበቃ መኪና ጋር ሄዳችሁ ከቀትር በኋላ መንደር ታያላችሁ፤ መንደር ለመግባት ካራት ላይ ከፍላችሁ አስጎብኝ ስለምትይዙ በሥራ ሰዓት መድረስ አለባችሁ። እዚያው ታድራላችሁ። ሐሙስ በማለዳ ወደ ቀይ አፈር የሚጭነውን መኪና ትይዛላችሁ፤ በዚያ ቀን ገበያተኛ ስለሚሄድ እኔ ያን ዓርብ ካራት ላይ ያጣሁትን ዕድል ታገኛላችሁ። ቀይ አፈር ገበያውን ውላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ከጂንካ ነጋዴዎች ጋር ጂንካ ትገባላችሁ። ዓርብ ማጎ ወይም የአሪ መንደር፣ ቅዳሜ የጂንካ ገበያ፣ እሑድ መመለስ። ጊዜ ያጠረው በአንድ ወገን በአውሮፕላን ይቆርጠዋል፤ አርባ ምንጭም ጂንካም ማረፊያ አላቸው።

ሳምንቱን በሌላ ቀን ብትጀምሩት ያው መንገድ፣ ያው ርቀት፣ ያው ዋጋ ሆኖ አብዛኞቹ ገበያዎች ያመልጧችኋል።

ይህ ስሌት ለሌላ አካባቢም ይሠራል?

ይሠራል፤ አንድ ማሻሻያ ግን ያስፈልገዋል። ሻሸመኔንና ሐዋሳን ተመልከቱ። ሻሸመኔ የመንገድ ከተማ ናት፦ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ሶዶ፣ በዶዶላ አድርጎ ወደ ባሌ፣ እንዲሁም ወደ ወንዶ ገነት መኪና ይጭንባታል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተረጋግቶ የሚታደርባት ናት። እስካሁን ባልነው ብንሄድ ሻሸመኔ ትመረጥ ነበር። ሁለቱ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይራራቃሉ፣ በመካከላቸውም ሚኒባስ ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም። ምንጩ እንዲህ ሲበረታ ሁለት ከተማ እንደ አንድ ከተማ ይቆጠራል። ሐዋሳ ታድራላችሁ፣ ሻሸመኔን እንደ መናኸሪያ ትጠቀሙባታላችሁ። ጠዋት ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ደርሶ ወንዶ ገነት መዋል የሚቻለው በዚህ ነው።

ስሌቱን የሚያፈርሰው ምንድን ነው?

መስቀል አንዱ ነው። ለጋሞ ሕዝብ ከዓመቱ ትልቁ በዓል ነው፤ ሽሮ ሜዳና ሌላም ቦታ ሲሸምን የከረመው የዶርዜ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። በበዓሉ ዋዜማ ወደ አርባ ምንጭና ወደ ጨንቻ ወንበር ማግኘት ከባድ ነው፤ ከበዓሉ ማግሥት ደግሞ ወደ አዲስ አበባ። በዓሉን ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ቀናት ቀድማችሁ ግቡ፣ ብዙ አትንቀሳቀሱ።

ዝናብም አለ። የደቡብ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይበረታል፤ ያን ጊዜ አስፋልት የሌለው መስመር ሊዘጋ ይችላል። ነዳጅ ሲጠፋ ቀድሞ የሚቀነሰው የገጠሩ መስመር ነው፤ መኪናው ማደያ ተሰልፎ ይውላል። የመንገድ ጸጥታም በየወቅቱ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት በዚያው መስመር የሚሠራ ሹፌር ወይም እዚያ የሚኖር ሰው ጠይቁ፤ የዓመት በፊት ወሬ አትመኑ።

ከተማዋ ውስጥስ የቱ ጋ ልደር?

አርባ ምንጭ ሁለት ፎቅ እንዳለው ቤት ናት። ላይኛዋ ሴቻ፣ ታችኛዋ ሲቀላ ይባላሉ፤ በመካከላቸው አራት ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት አለ። ሐይቆቹ ቁልቁል የሚታዩት ከሴቻ ነው፣ ንፋሱም እዚያ ይሻላል። መናኸሪያውና ትልቁ ገበያ በሲቀላ በኩል ናቸው። ቀን በባጃጅና በታክሲ መመላለሱ ቀላል ነው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ሻንጣ ይዞ ከሴቻ መውረድ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ የቀን ጉዞ ባለባቸው ሌሊቶች ሴቻ፣ ወደ ካራት ለመነሣት ሲቃረብ የመጨረሻዋን ሌሊት ሲቀላ። ማለዳ ሁለት ጊዜ መነሣት ያለባቸው ሰዎች መጀመሪያውኑ ሲቀላ ቢይዙ ይሻላቸዋል፤ ፔንሲዮን ሞልቷል። መናኸሪያ አጥር ሥር ያለውን ብቻ እለፉት፤ ጥሩንባው አያስተኛም።

ማታ ማታ ደግሞ፣ እራት ከመብላታችሁ በፊት፣ መናኸሪያ ብቅ በሉ። ጠዋት ላይ ሁሉም ይጣደፋል፣ ደላላው ይጎትታል፣ የሚነገራችሁ ሁሉ እውነት አይሆንም። ማታ ግን ተራ አስከባሪው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። ነገ ወደ ጨንቻ የመጀመሪያው መኪና መቼ እንደሚጭን፣ የት እንደሚያድር፣ መጨረሻው ከዚያ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ታሪፉ ስንት እንደሆነ በእርጋታ ይነግራችኋል። በመጀመሪያው ማታ እናንተ ትጠይቁታላችሁ። በሦስተኛው ማታ በሩ ላይ ሲያያችሁ ቀድሞ የሚጠይቀው እሱ ነው፦ «ነገስ ወዴት ናችሁ?»